የአንድ ቀን ጉዞ ወደ ቱቢንገን፤ የኩፋሌን ገልባጭ ፍለጋ

(ከዚህ በታች የምታነቡት በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ ቀን ጉዞ ነው። ለስብሰባ ሽቱትጋርት በተባለችው የጀርመን ከተማ በሰነበትሁበት ጊዜ አንድ ትርፍ ቀን አገኘሁ። አስተናጋጆቼም «ቱቢንገንን ሳያዩ እንዳይመለሱ» አሉኝ። ማለዳ በባቡር ተሳፈርሁ፤ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዤ ደረስሁ፤ ሲመሽም ተመለስሁ። በአንድ ቀን የታየ ከተማ የታሪክ ምስክር ሊሆን ይችላል ብዬ አልከራከርም። መንገደኛ የሚያየው ሰዎች እንዲታይ የፈለጉትን ነውና። ነገር ግን ያ ቀን አንድ ጥያቄ አሸክሞኝ መጣ። ጥያቄው ስለ ጀርመን ከተማ ብቻ ሳይሆን በዚህ አዳራሽ ስለተቀመጥን ሰዎች ሥራም ስለሆነ፣ ብቻዬን ከምሸከመው ከእናንተ ጋር ብካፈለው መረጥሁ።

ከተማዋ

ቱቢንገን በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ በኔካር ወንዝ ዳር፣ በኮረብቶች መካከል ተቀምጣለች። ነዋሪዋ ወደ 90,000 ይጠጋል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ወደ 28,000 ስለሚደርስ፣ በጎዳናዋ ላይ የሚያጋጥም ሰው ሁሉ ወደ ትምህርት የሚሄድ ወይም ከትምህርት የሚመለስ ይመስላል። ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው የኔካርን ድልድይ ያገኛል። ከድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ሲመለከት፣ በእንጨት ተዋቅረው በልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡ አሮጌ ቤቶች በወንዙ ዳር ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ቆመው ያያል። በወንዙ መካከል በምትገኘው ረጅምና ቀጭን ደሴት ላይ ያረጁ ዛፎች በሁለት ረድፍ ጥላቸውን ጥለዋል። ተማሪዎች ሸንቃጣና ጠፍጣፋ ጀልባዎችን ወደ ኋላ ቆመው በረጅም እንጨት እየገፉ ያልፋሉ። የጣናን የደንገል ታንኳ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙዎቹ የጀርመን ከተሞች ሲፈርሱ፣ ቱቢንገን አብዛኛው አካሏ ተርፏል። ስለዚህ በሌላ ሥፍራ በሥዕል ብቻ የሚታየው የመካከለኛው ዘመን ከተማ እዚህ በእግር ይረገጣል። ዩኒቨርሲቲውን በ1477 የመሠረተው «ጺማሙ» የሚባለው መስፍን ኤበርሃርድ ነው። ኮከብ ቆጣሪው ዮሐንስ ኬፕለር በ1589 ወደዚህ ለትምህርት መጣ። ሽቲፍት በሚባለው የነገረ መለኮት ተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ሄግል፣ ሼሊንግና ሆልደርሊን በአንድ ዘመን አብረው ኖረዋል። ከኮረብታው ላይ ባለው ግንብ ወጥ ቤት፣ በዚያን ጊዜ ቤተ ሙከራ በሆነው ክፍል፣ ፍሪድሪኽ ሚሸር በ1869 ዛሬ ዲኤንኤ የምንለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ አወጣ። ከተማዋ ይህን ሁሉ በየግድግዳው ላይ በትንንሽ ሰሌዳ ጽፋ አስቀምጣለች። ያለ መሪ የሚዞር እንግዳ እንኳ ሰሌዳዎቹን ብቻ እያነበበ ማን የት እንደኖረ፣ የት እንደተማረ፣ የት እንደሞተ ሊያውቅ ይችላል።

ከእነዚህ ቤቶች ሁሉ ልቤን የያዘው በወንዙ ዳር የቆመው ቢጫ ክብ ቤት ነው። ገጣሚው ፍሪድሪኽ ሆልደርሊን አእምሮው ከታወከ በኋላ ከ1807 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1843 ድረስ፣ ለ36 ዓመታት፣ የኖረው እዚህ ነው። የሐኪም ቤቱ አልፈውሰው ሲል ተቀብሎ ያስጠለለው አንድ አናጺ ነበር፤ ስሙም ኤርንስት ጺመር ይባላል። አናጺው መጽሐፍ አልጻፈም፤ ግጥምም አላሳተመም። ያደረገው ነገር ለአንድ የታመመ ሰው ክፍል መስጠት፣ ማብላትና መታገሥ ነው። ከእርሱም በኋላ ቤተ ሰቡ ይህንኑ ቀጠለ። የሆልደርሊንን የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ማንም ሰው የአናጺውን ስም ሳይጠራ አያልፍም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ውብ ከተማ ግን ውበቷን ብቻ ይዛ አልኖረችም። ዩኒቨርሲቲው በተመሠረተበት በዚያው በ1477 መስፍን ኤበርሃርድ አይሁድን ከከተማዋ አስወጣ። የዕብራይስጥ ቋንቋ የሚጠናበት ወንበር ከጊዜ በኋላ የተተከለው ቋንቋውን በጸሎታቸው የሚጠብቁት ሰዎች በተባረሩበት ከተማ ነው። ዘመናት አልፈው አይሁድ ተመልሰው በሰፈሩ ጊዜም፣ በኅዳር 1938 ምኩራባቸው በእሳት ጋየ። ዛሬ በቦታው መታሰቢያ ቆሟል። ይህን የማነሣው የጎበኘሁትን አገር ለመክሰስ አይደለም። አንዲት ከተማ የምታስታውሰው ነገር ምርጫ መሆኑን፣ የረሳችውንም መልሳ ልታስታውስ እንደምትችል ለማመልከት ነው።

ዴረንዲንገን

ከቀትር በኋላ አሮጌውን ከተማ ትቼ ወደ ደቡብ ምዕራብ በእግሬ ሄድሁ። ዴረንዲንገን ዛሬ የቱቢንገን አንድ ሠፈር ናት፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን ራሷን የቻለች የገበሬ መንደር ነበረች። ለዕይታ ብዙ ነገር የላትም፤ ጎብኚም አይበዛባትም። እኔ የሄድሁት በጥር 1810 በዚያች መንደር ከገበሬ ቤት ስለተወለደ ልጅ ስል ነው፤ ስለ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ።

ክራፕፍ ልጅ ሳለ ከመንደሩ እየተነሣ ወደ ቱቢንገን የላቲን ትምህርት ቤት በእግሩ ይመላለስ ነበር። ያን መንገድ በተቃራኒው ስሄድ በሐሳቤ የመጣው የእኛ የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከደብር ወደ ደብር ፊደልንና ዜማን፣ ቅኔንና ትርጓሜን የሚከተለው ልጅ። የገበሬው የዴረንዲንገን ልጅና የጎጃም ወይም የሸዋ የቆሎ ተማሪ በአንድ ዘመን በሁለት አህጉር በእግራቸው ትምህርትን ይፈልጉ ነበር። በኋላም መንገዳቸው በአንድ መጽሐፍ ላይ ተገናኘ። ልዩነቱ፣ አንደኛው የሕይወት ታሪኩ ከልደቱ እስከ ሞቱ ተጽፎ መገኘቱ፣ ሁለተኛው ግን ስሙ እንኳ አለመጠራቱ ነው።

ክራፕፍ በባዝል የሚስዮን ትምህርት ቤት ቆይቶ በቱቢንገን ነገረ መለኮት ካጠና በኋላ፣ በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር ተልኮ በ1837 መጨረሻ ዐድዋ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ሚስዮናውያኑ ከትግራይ እንዲወጡ ተደረገ። እርሱና ባልደረባው ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ መንገድ ቀይረው በ1839 ወደ ሸዋ፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት ገቡ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለስ ክራፕፍ በአንኮበር ቀረ። በ1841 ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሻምበል ሃሪስ ጋር ውል ሲዋዋል፣ ክራፕፍ በመካከል ሆኖ የረዳ ሰው ነበር። በ1842 ከሸዋ ሲወጣ በወሎ የአካባቢው ገዢ አዳራ ቢሌ ዘርፎት፣ በብዙ መከራ ምጽዋ ደረሰ። ወደ ሸዋ ለመመለስ ያደረገው ሙከራም ስላልተሳካ፣ ከ1844 ጀምሮ ሥራውን በሞምባሳ ቀጠለ። በ1881 በትውልድ አገሩ አረፈ።

የክራፕፍ ሰውነት ቀላል ፍርድ የሚሰጠው አይደለም። የኦሮምኛ ቋንቋን በማጥናትና ከመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን ወደ ኦሮምኛ በመተርጎም ቀደምት ነው። በሌላ በኩል፣ የሚያድርበትን ሕዝብ የቆየ ክርስትና መታረም እንዳለበት ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ነበር፤ ዕውቀቱንም ከእንግሊዝ መንግሥት ዓላማ ጋር አቆራኝቷል። ለዛሬው ነገራችን ግን ከሥራው ሁሉ አንዱ ብቻ ይበቃናል። ክራፕፍ በኢትዮጵያ ሳለ የግእዝ መጻሕፍትን ይሰበስብ፣ የማያገኘውንም ያስገለብጥ ነበር። ካስገለበጣቸውም አንዱ መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ከላካቸው መጻሕፍት የተወሰኑት ወደ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1842 የዶክተርነት ማዕርግ ሰጠው።

መጽሐፉ

መጽሐፈ ኩፋሌ ምን እንደሆነ ለብዙዎቻችሁ መንገር አያሻም። ከዘፍጥረት መጀመሪያ እስከ ሲና ተራራ ያለውን ታሪክ በ50 ምዕራፍ መልሶ የሚተርክ፣ ዘመናትን በሰንበታትና በኢዮቤልዩ የሚከፋፍል፣ በቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚቆጠር መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው በዕብራይስጥ ሲሆን፣ ወደ ግእዝ የተመለሰው ከግሪክ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የሚያውቁት በቀደሙት የግሪክ ጸሐፊዎች ሥራ ውስጥ በተጠቀሱት ቁርጥራጮች ብቻ ነበር። የዕብራይስጡ ምንጭ ከእጅ ወጥቷል፤ የግሪኩም ሙሉ ትርጉም ጠፍቷል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሙሉ ሆኖ የተረፈው በአንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ በግእዝ።

የክራፕፍ መጻሕፍት ቱቢንገን ሲደርሱ፣ በዚያ የምሥራቅ ቋንቋዎች መምህር የነበረው ሃይንሪኽ ኤዋልድ ነበር። ኤዋልድ ቀድሞ በጎቲንገን ያስተምር ነበር። የሃኖቨሩ ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን ሲሽር ከተቃወሙት ሰባት መምህራን አንዱ በመሆኑ በ1837 ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ቱቢንገን የመጣ ሰው ነው። በ1844 የቱቢንገንን የኢትዮጵያ የእጅ ጽሑፎች የሚገልጽ ጥናት አሳተመ። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ፣ በ1823 በዚያው በቩርተምበርግ ምድር የተወለደው አውጉስት ዲልማን፣ ይህንኑ የቱቢንገን ቅጂ ብቻ ይዞ ኩፋሌን ወደ ጀርመንኛ ተረጎመና በ1850ና በ1851 አወጣው። በ1859 ደግሞ ከፓሪስ የተገኘ ሌላ ቅጂ ጨምሮ የግእዙን ንባብ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳተመ። ይኸው ዲልማን በ1857 የግእዝን ሰዋስው፣ በ1865 ደግሞ ትልቁን የግእዝ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቷል። በዚህ ፋኩልቲ ግእዝን በዘመናዊ መንገድ ያጠና ሁሉ ከእነዚህ ሁለት መጻሕፍት ዕዳ አለበት፤ እኔም አለብኝ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዳር በቁምራን ዋሻዎች የጥንት የዕብራይስጥ ጽሑፎች ሲገኙ፣ ከመካከላቸው የ14 ያህል የኩፋሌ ቅጂዎች ቁርጥራጮች ወጡ። ሊቃውንት ዕብራይስጡን ከግእዙ ጋር ሲያስተያዩ፣ የግእዙ ትርጉም ከሁለት ሺህ ዓመት ርቀትና ከሁለት የቋንቋ ሽግግር በኋላ ምንጩን በሚያስደንቅ ታማኝነት እንደጠበቀ ተገነዘቡ። ይህ ታማኝነት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። በየዘመኑ መጽሐፉን የገለበጡ፣ ያነበቡ፣ ያረሙና ለሚቀጥለው ያስረከቡ ሰዎች ሥራ ነው። የጥንት አይሁድ የጻፉትን መጽሐፍ የኢትዮጵያ ደብተሮችና መነኮሳት ጠበቁት፤ አይሁድን አስወጥታ በነበረችው ከተማ ደግሞ ለአውሮፓ ትምህርት ተገለጠ። ታሪክ እንዲህ ያለ መንገድ ሲሄድ ተራኪው ዝም ብሎ ከማየት በቀር ምን ይጨምርበታል?

በዚያ ቀን በከተማው አደባባይ በ1435 በተሠራው የማዘጋጃ ቤት ፊት ቆሜ ነበር። በግንባሩ ላይ የሒሳብና የከዋክብት ሊቁ ዮሐንስ ስቶፍለር በ1511 የሠራው ሰዓት አለ፤ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ያሳያል። ቀና ብዬ ስመለከት፣ ዓመት 364 ቀን ይሁን፣ ጨረቃን የተከተለ በዓላትን ያፋልሳል ብሎ አጥብቆ የሚከራከረው መጽሐፍ በዚህችው ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መቀመጡ ትዝ ብሎኝ ፈገግ አልሁ። ከዚያም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድሁ፤ ነገር ግን ከደጁ አላለፍሁም። ጥንታዊ የእጅ ጽሑፍ አስቀድሞ ሳይጠይቅ ለአንድ ቀን ለመጣ መንገደኛ አይወጣም፤ ሥርዓቱም ትክክል ነው። ከሕንጻው ፊት ለፊት ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ያሰብሁትን ነው አሁን የምነግራችሁ።

ገልባጩ

የኩፋሌን የቱቢንገን ቅጂ ታሪክ በአጭሩ የሚተርክ ሰው ሦስት ስም ይጠራል፤ ላኪውን ክራፕፍን፣ መርማሪውን ኤዋልድን፣ ተርጓሚውን ዲልማንን። እኔም ከጥቂት ደቂቃ በፊት በፊታችሁ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አራተኛው ሰው ግን የት አለ? መጽሐፉን በእጁ የጻፈው?

ቁም ጸሐፊ ሲጽፍ ያያችሁ ሥራውን ታውቁታላችሁ። መቃውን ይቀርጻል፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም ያሰናዳል፣ ጉልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ ከማለዳ እስከ ምሽት ያቀናል። 50 ምዕራፍ መገልበጥ የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም። ከዚያም በላይ፣ ምን እንደሚገለበጥ የሚያውቅ፣ ዋናው መጽሐፍ በየትኛው ደብር እንዳለ የሚያመለክት፣ ከባለቤቱ የሚያስፈቅድ፣ አስቸጋሪውን ቃል ለባዕዱ ሰው የሚያስረዳ ሊቅ ያስፈልጋል። ክራፕፍ የመጣው ከሩቅ ነው፤ ኩፋሌ ይኖራል ብሎ እንዲጠይቅ ያደረገው፣ ሲጠይቅም «አለ» ብሎ የመለሰለት የአገሩ ሰው ነው። ስለዚህ በጥናቱ ታሪክ «ተገኘ» የሚለው ቃል አሳሳች ነው። ኩፋሌ በአንኮበር አልጠፋም ነበር። የሚያነቡት ሰዎች ነበሩት።

ይህ መጽሐፍ በግፍ የተወሰደ አይደለም። ልዩነቱን መጠበቅ ስላለብን በግልጽ እላለሁ። በ1868 ከመቅደላ በጦር ኃይል የተዘረፉት መጻሕፍት ጉዳይ ሌላ ነው፤ የሚጠይቀውም መመለስን ነው። የቱቢንገኑ ኩፋሌ ተገልብጦ የተሰጠ ቅጂ ነው። ዕዳው የመጽሐፉ ሳይሆን የስሙ ነው። ሥራውን ተቀብለን ሠራተኛውን ሳንጠራ የቀረን እኛ ሁላችን ነን፤ በዚያ ያሉትም፣ በዚህ ያለነውም።

«የእኛ ጸሐፊዎች ራሳቸው ስማቸውን ይሰውራሉ፤ ትሕትና ነው» የሚል መልስ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን የብራና መጻሕፍትን መጨረሻ ገልጣችሁ ስታዩ፣ ጸሐፊው ከሥራው በኋላ «የጻፈውን፣ ያጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የሰማውን» ብሎ በጸሎት ሲያሳስብ ታገኛላችሁ፤ ብዙ ጊዜም የክርስትና ስሙን ያኖራል። ይህ ለዝና አይደለም፤ በጸሎት እንዲታሰብ ነው። ስሙ እንዲጠራ ይፈልጋል ማለት ነው። ስሙን ያነበበ ተመራማሪ «ይህ ጸሎት ነው፤ ለታሪክ አይጠቅምም» ብሎ ቢያልፈው፣ ጉድለቱን በጸሐፊው ትሕትና ማሳበብ አይችልም።

ሌላ መንገድም ነበረ፤ ከቱቢንገን በፊትም ታይቷል። ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተዋወቀ፤ አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራው የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። በ1652 ደግሞ በጎታው መስፍን ግብዣ ወደ ጀርመን መጥተው አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ ሲያሳትም የዕውቀቱ ምንጭ እኒህ መምህር መሆናቸውን አልሸሸገም፤ ምስላቸውንም አሳተመላቸው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ በባሕር ሞቱ። ዛሬ ስማቸውን የምናውቀው ግን ደቀ መዝሙራቸው ስለጻፈው ነው።

ወደ ቱቢንገን የሚመልሰን ሌላ ስም አለ። በ1906 የጀርመንን የአክሱም ጥናት ጉዞ የመራው ኤኖ ሊትማን በ1921 ወደ ቱቢንገን መጥቶ ከዚያው ሳይነሣ በ1958 ሞተ። የትግረ ቋንቋ ጥናቱ ያለ አንድ ሰው የማይታሰብ ነበር፤ የመንሳዕ ተወላጅ የሆነው ናፍዕ ወድ ዕትማን። ናፍዕ የሕዝቡን ተረት፣ ግጥምና ልማድ ሰብስቦ በራሱ እጅ ጻፈ፤ በ1907ም ሊትማንን ለመርዳት ወደ ሽትራስቡርግ ሄደ። በ1909 ወደ አገሩ ሲመለስ በባሕር ጉዞ ላይ ጠፋ። ሊትማን ስሙን በጽሑፉ ጠራ፤ ሥራውንም መሰከረ። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ተለያይተው የኖሩ ሁለት መምህራን በአንድ ዓይነት ሞት፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ በባሕር ላይ ቀሩ። ስማቸው ግን አልሰጠመም። የአናጺው የጺመር ስም በወንዙ ዳር እንዳልጠፋ ሁሉ፣ የእነርሱም ስም የተረፈው አጠገባቸው የነበረ ሰው ስለጻፈው ነው። ስም መጻፍ የአንድ መስመር ሥራ ነው። የኩፋሌ ገልባጭ የተነፈገው ያንን መስመር ነው።

የእኔ ጉድለት

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሌሎች ነው። በዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ግን ፍርዱ ወደ ራሴ ዞረ።

ከብዙ ዓመታት በፊት የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ስሠራ፣ አንድ የግእዝ ድርሰት ተቸግሬበት ወደ አንድ የገጠር ደብር ሄድሁ። በዚያ ያሉት የቅኔ መምህር ለሦስት ወር ያህል ከማስተማሪያ ጊዜያቸው እየቀነሱ ቃሉን ከነምሥጢሩ፣ ሰሙን ከነወርቁ ነገሩኝ። ገንዘብ አልጠየቁኝም፤ የያዝሁትን ስኳርና ሻማ ብቻ ተቀበሉኝ። ጥናቴ ምስጉን ተባለ። በመግቢያው ላይ አማካሪዬን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የጽሕፈት ሥራውን ያገዘኝን ጓደኛዬን በስም አመሰገንሁ። ስለ እርሳቸው የጻፍሁት «አንድ የአካባቢው ሊቅ እንዳስረዱኝ» የሚል ብቻ ነው፤ እርሱንም በግርጌ ማስታወሻ።

ለምን ስማቸውን አልጻፍሁም? አላውቀውም ነበር። ተማሪዎቻቸው ሁሉ «የኔታ» ይሏቸዋል፤ እኔም «የኔታ» አልኋቸው። ሦስት ወር አብሬያቸው ስቀመጥ የክርስትና ስማቸውን መጠየቅ ድፍረት መስሎኝ ነበር። ከሄድሁም በኋላ ማጣራት እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። ከዓመታት በኋላ ሰው ልኬ ሳስጠይቅ አርፈዋል፤ የቅኔ ቤቱም ተበትኖ፣ ተማሪዎቹ የት እንደደረሱ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ለክራፕፍ የኩፋሌን ገልባጭ ስም ለምን አልጠበቅህም ብዬ ለመጠየቅ የሚያስችል አፍ የለኝም። እርሱ ባዕድ ነበር። እኔ የዚያው ቤት ልጅ ነኝ።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የማቀርበው ምክር ከዚህ ጉድለት የወጣ ነው። የብራና መጽሐፍ ስትመረምሩ ከመጨረሻው ጀምሩ። የጸሐፊውን፣ ያጻፈውን፣ መጽሐፉ የተሰጠበትን ደብር ስም መዝግቡ። ስሙ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ከተጻፈበትም ያንኑ ጻፉ፤ መፋቁ ራሱ ታሪክ ነውና። ወደ ደብርና ወደ ገጠር ስትወርዱ የሚያስረዷችሁን ሰዎች ስም በመጀመሪያው ቀን፣ በአክብሮት፣ ፈቃዳቸውን እየጠየቃችሁ ያዙ። ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸውን ከአማካሪያችሁ ስም ጎን አኑሩት። የፈረንጅ ስም ያለበትን ማስረጃ ብቻ ማስረጃ አድርጎ የመቁጠር ልማድ ከፈረንጅ የመጣ ቢሆንም፣ ዛሬ የምንጠብቀው እኛው ነን። ለመተው የማንንም ፈቃድ አንጠይቅበትም።

ማታ ወደ ባቡር ጣቢያው ስመለስ በድልድዩ ላይ ጥቂት ቆየሁ። በክብ ቤቱ መስኮት መብራት በርቶ፣ ብርሃኑ በውሃው ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ከተማዋ በእውነት ውብ ናት፤ ዕድል ያገኘ ሁሉ ቢያያት እመክራለሁ። ስትሄዱ ግን ሰሌዳዎቹን እያነበባችሁ፣ ሰሌዳ የሌለውን አንድ ሰው አስቡልኝ። ከአንኮበር ተራራ በአንዱ ጎጆ ውስጥ፣ ጉልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ፣ አንድ ባዕድ ያዘዘውን ኩፋሌ በጥንቃቄ የሚያቀናውን። ዲልማን ዓይኑን ያሳረፈበት እያንዳንዱ ፊደል በዚያ ሰው እጅ ያለፈ ነው። እኔም ከእርሱ ጋር፣ ስማቸውን ሳልጠይቅ የተለየኋቸውን የኔታን አስባለሁ።